ሥራ የፈታው እግር

«ቢሆንስ?» የሚል ጎረቤት የሌለው ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ ገና አልተቆረቆረም። ታውቁታላችሁ። ለሠርግ ድንኳን ሲተከል አንጋጦ ጥርት ያለውን ሰማይ ያይና «ቢዘንብስ?» ይላል። መኪና የገዛ ሰው ቁልፉን ሲያሳየው፣ እንኳን ደስ አለህ ከማለቱ በፊት «ፍሬኑ ቢበጠስስ?» ይላል። ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ ሄዶ የልጅቷ አባት እሺ ካሉ በኋላ «እምቢ ብላችሁን ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ያገኘውን ሊያስነጥቅ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ሰው የገዛ ሬሳ ሣጥኑን ክዳን ሁለቴ ሳያስፈትሽ የሚቀበር አይመስለኝም።

እኔ የማወራላችሁ ግን ስለ ተራው «ቢሆንስ» ባይ አይደለም። ስለ ክቡርነታቸው፣ ስለ ቀራንዮ ሰፈሩ ካፒቴን ሰይፈሥላሴ ነው። ሌሎቹ የሚጠይቁት ከፍርሃት ነው፤ እሳቸው ግን ከሙያ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራቸው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ውስጥ ከተማሪ አጠገብ ተቀምጦ፣ ተማሪው ባላሰበው ሰዓት አንዱን ሞተር ማጥፋት ነበር። ማጥፋትና ምን እንደሚያደርግ ማየት። በቃ፣ ለዚህ ነበር ደመወዝ የሚከፈላቸው። ጡረታ ሲወጡ አውሮፕላኑ ቀረ፤ ማጥፋቱ ግን አልቀረም።

ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ሰፈሩ ስንገባ ሌላው ጎረቤት ሁሉ «ቤት ለእንቦሳ» እያለ ገባ። ካፒቴንም ብለዋል። እኛ «እንቦሳ እሰሩ» ብለን ሳንጨርስ ግን «የመብራቱ ማጥፊያ የት ነው?» አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው። «በጣት ማንም ያሳያል» አሉና ከባለቤቴ ከእሙ ትከሻ ላይ ሻርፑን አስፈቅደው ወስደው ዓይኔን አሰሩኝ። «ጭስ ቢሆንስ? ጨለማ ቢሆንስ? ሂድና አግኘው።» በገዛ ሳሎኔ ውስጥ እየተደናበርኩ ሄጄ የያዝኩት የግድግዳ ሰዓት ሆነ።

«ሞተሃል» አሉኝ በተረጋጋ ድምፅ። «ቤተሰብህም ሞቷል። እንደገና።»

በአራተኛው ሙከራ አገኘሁት። ያን ጊዜ ሻርፑን ፈቱልኝና ጨበጡኝ። «አሁን እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። የሰፈሩ ልጆች «ካፒቴን ቢሆንስ» እንደሚሏቸው የሰማሁት በማግስቱ ነው።

ለሊሳ የሚባል ጎረቤት አለን፤ ከ18 ማዞሪያ የሚነሳ ሚኒባስ ሾፌር ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በእሱ መኪና መሄድ ይወዳል፣ ካፒቴን ጋቢና ካልተቀመጡ። ከተቀመጡ ግን አለቀ። አንድ ጠዋት እኔም ከኋላ ነበርኩ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ወደ ለሊሳ ዘወር አሉና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «አሁን ፍሬኑ እምቢ ቢልህስ?» አሉት።

«ካፒቴን፣ በናትዎ፣ ሰው ጭኛለሁ።»

«ለዚያ እኮ ነው የምጠይቅህ።»

ከኋላ የተቀመጠች ሴት፣ ፌርማታ በሌለበት «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ከእሷ ጋር ሦስት ሰው ወረደ። ለሊሳ ያን ቀን ማታ ቤታቸው ድረስ ሄዶ እንዲተዉት ለመናቸው። ካፒቴንም በአንድ ነገር ከተስማማ እንደሚተዉት ነገሩት፦ ከዛሬ ጀምሮ መኪናውን በእሳቸው ግቢ ሲያቆም አፍንጫው ወደ መንገድ ይሁን። ወደ ኋላ እየነዱ መግባት ሥራ ነው፤ ግቢው ጠባብ ነው። ለሊሳ ግን ከጥያቄው ለመገላገል ብሎ ተስማማ።

ከሁሉ የከፋው መውደቃቸው ነበር።

አንድ እሑድ ስለ ውሃ መሥመር ልንመክር ግቢያቸው ተሰብስበን ሳለ ካፒቴን ከአግዳሚው ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ዓይናቸው ተጨፈነ። ግቢው ታመሰ። ከአጥሩ ወዲያ የእንጨት ሥራ ያለው ፍቅሬ፣ እንደ በር ሰፊ የሆነው ሰውዬ፣ ተንበርክኮ እጁን በላያቸው ጭኖ በታላቅ ድምፅ መጸለይ ጀመረ። እኔ ውሃ ላመጣ ሮጬ የሞላ ጆግ ራሴ ላይ ደፋሁ። ለሊሳ መኪናውን አስነሳ፤ ስምምነቱ ከመደረጉ በፊት ስለነበር አፍንጫው ግንቡን ያያል። የበሩ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ስንተራመስ ቆይተን ካፒቴን ተነስተው ቁጭ አሉና የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሰባት ደቂቃ» አሉ። «እስካሁን ቀዝቅዣለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ፍቅሬ በንዴት ጀርባውን ሰጣቸው። እሳቸው ግን አቧራቸውን እያራገፉ ለእኛም ለባለቤታቸው ለእትዬ ወለተጻድቅም ሥራ ማከፋፈል ጀመሩ። «ፍቅሬ፣ ጉልበት ያለህ አንተ ነህ፤ መጀመሪያ አንሣኝ። ጸሎቱን መኪና ውስጥ ትጸልያለህ፤ እግዚአብሔር እዚያም አለ። ወለተጻድቅ፣ ቁልፉ ከዛሬ ጀምሮ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀል። ግሩም...» ወደ እኔ ዞሩ። ሸሚዜ ውሃ ያንጠባጥባል። «አንተ ችኩል ነህ። አንተ ምንም አትንካ። እጅህ ላይ ተቀመጥና መጀመሪያ እይ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደቁ። በሁለተኛው ጊዜ አራት ደቂቃ ፈጀብን። በሦስተኛው ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም። እትዬ ወለተጻድቅ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይሉ «ሰይፌ፣ መሬቱ ይቀዘቅዝሃል፤ ተነስ» አሉ። ካፒቴን ተነሱና ግማሽ ቀን ሙሉ አኮረፉን።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ልጄ ፋሲካ አስተማሪዬ ብላ የያዘቻቸው።

ፋሲካ የበረራ ተማሪ ናት። በአንድ ሞተር የሚበሩትን ትናንሽ አውሮፕላኖች በጥሩ ውጤት ጨርሳ ወደ ባለሁለት ሞተሩ ተሸጋገረች፤ እዚያ ወደቀች። ማሠልጠኛው አንድ ጊዜ የወደቀን እንደገና ይፈትናል፤ ሁለት ጊዜ የወደቀን ያሰናብታል። ሦስት ዓመት የለፋችበት ነገር በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እግርና በአንድ እጅ ላይ ተንጠለጠለ።

ምን እንዳጠፋች ለማስረዳት ካፒቴን እኔን ካስተማሩኝ ትንሽ ልንገራችሁ። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተሩ ሲሞት አፍንጫው ወደሞተው በኩል ይዞራል። የግራው ከሞተ ወደ ግራ ይሄዳል። አብራሪው ቀጥ ሊያደርገው በቀኝ እግሩ ፔዳሉን አጥብቆ ይረግጣል። ቀኝ እግሩ ይታገላል፤ ግራ እግሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሥራ የፈታው እግር ባለበት በኩል ነው ሞተሩም የሞተው። ቀጥሎ የሞተውን ጨርሶ መዝጋት ነው፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ ነፋሱን እየገተረ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የደነገጠ ሰው የሚታገለውን ወገን ጥፋተኛ ያደርጋል። እጁ ወደሚንቀጠቀጠው እግር በኩል ይሄድና ደህናውን ሞተር ይዘጋል። ያኔ አንድም ሞተር የለም።

ፋሲካ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ፈታኙ የግራውን ሞተር ኃይል ቀነሰባት፣ እግሯ በትክክል ረገጠ፣ እጇ ግን ሮጦ የቀኙን ያዘ። ፈታኙ እጇን ቀድሞ ባይዘው ኖሮ ትዘጋው ነበር። እናቷ ስትሰማ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ያን እጅ ከማን እንደወረሰችው ስለማውቅ አፈርኩ እንጂ።

ሁለተኛው ፈተና አራት ሳምንት ነበረው። ፋሲካ በማግስቱ ካፒቴን ቤት ሄደች።

ካፒቴን ግቢ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ባኞ አጠገብ አውሮፕላን አለ። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ከፊቱ ከአሮጌ ላዳ የተነቀሉ ሁለት ፔዳሎች በጎማ ላስቲክ ተወጥረው ጣውላ ላይ ተመትተዋል። በጎን በኩል የእንጨት ሣጥን ላይ ሁለት የማርሽ ዘንጎች ቆመዋል፤ እነዚህ የሁለቱ ሞተሮች ዘንግ ናቸው። አስተማሪው የግራውን ዘንግ ሲስብ የቀኙ ፔዳል ወደ ተማሪው ይገፋል፤ የቀኙን ሲስብ የግራው። ተማሪው የትኛው እንደተሳበ በዓይኑ እንዳያይ ዘንጎቹ መሸፈን አለባቸው። በእውነተኛው አውሮፕላንም አስተማሪዎች በወረቀት ነው የሚሸፍኑት። ካፒቴን ደግሞ የሚሸፍኑት በእኔ ጽሑፍ ነው።

አልቀለድኩም። በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ የምጽፈውን ይህን ዓምድ ይቆርጡና ካርቶን ላይ ይለጥፉታል። ለምን የእኔን ብቻ እንደመረጡ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ሌላውን ገጽ ወለተጻድቅ ለመደርደሪያ ትፈልገዋለች» አሉ። «ያንተን አትፈልገውም።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ባለፈው ሳምንት ደግሞ አሳጠርከው። የቀኙ ዘንግ ታየባት። አስተካክል።»

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድምፃቸው አጥሩን አልፎ ይመጣል። «እጅሽ ላይ ተቀመጪ! የትኛው እግር ነው ሥራ የፈታው? ንገሪኝ፣ ከዚያ ያዢ። ያዢ፣ ጠይቂ፣ ዝጊ!» መጠየቅ የሚሉት፣ ከመዝጋት በፊት የያዙትን ዘንግ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ሞተሩ ሙት ከሆነ አውሮፕላኑ ምንም አይልም። በሕይወት ካለ ግን ይናጣል፤ ያን ጊዜ ስህተት ነው፣ መልሰው። ከዚያ «ገደልሽን» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። «እንደገና።» ፀሐይ እስክትጠልቅ ስንት ጊዜ እንደምንሞት መቁጠር ትቼ ነበር።

ፋሲካ ከሳች። ራት ላይ እግሮቿ ከጠረጴዛው ሥር ሲረግጡ ይሰማኛል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እያለቀሰች መጥታ ሳትበላ ተኛች። እኔም ተነሳሁ፤ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ንዴት ይዤ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁባቸው።

«ካፒቴን፣ ልጄን ጨረሷት እኮ! ሰው ናት፣ ሞተር አይደለችም።»

«ተቀመጥ» አሉኝ።

«አልቀመጥም።»

«ወንበሩ ላይ ተቀመጥ፣ ግሩም።»

ተቀመጥኩ። እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ እሳቸው ሲሉ ሰው ይቀመጣል። ጽሑፌን ዘንጎቹ ላይ ጣል አደረጉና ስለ ባለቤቴ ጤና ይጠይቁኝ ጀመር። መልስ እየሰጠሁ ሳለ የቀኙ ፔዳል እግሬን ገፋው። ረገጥኩ። ፔዳሉ ታገለኝ። ላቤ መጣ። እጄ ከካርቶኑ ሥር ገብቶ የቀኙን ዘንግ ይዞ እስከ መጨረሻው ሳበው።

ካፒቴን «ገደልከን» አላሉኝም።

«ፋሲካ ከኋላ ተሳፍራ ቢሆንስ?» አሉ በቀስታ።

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተናግረውት የማያውቁትን ነገሩኝ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳሉ፣ ከተማሪ ጋር እየበረሩ፣ ለልምምድ ሳይሆን የምር አንዱ ሞተር ሞተ። «እግሬ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «እጄ አልሰማውም። ደህናውን ዘጋሁት።» የታረሰ ማሳ ላይ ወደቁ። እሳቸው ተጫጭረው ወጡ። ተማሪው ዳሌው ተሰብሮ በሕይወት ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልበረረም። «ጎበዝ ነበር። ከእኔ ይበልጥ ነበር። እና አሁን ልጅህን ልተዋት?»

«አይተዋት» አልኩ። ቤቴ ስገባ ፋሲካን አልቀሰቀስኳትም።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ለበረራ ትነሳለች። እሙ በሌሊት ተነስታ መድኃኔዓለም ሄዳለች። እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁ፤ ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ካፒቴን ግቢ ገባሁ። ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ሣጥኑ ላይ አድርገውታል።

«በሰዓትህ መጣህ» አሉ። «አራት ሰዓት ላይ እሷ ስትነሳ እኔም እነሳለሁ። አንተ ፈታኝ ነህ። ሳታስጠነቅቀኝ ሳብ።»

ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። እትዬ ወለተጻድቅ ጥላው ሥር ምስራቸውን ይለቅማሉ። ካፒቴን እግራቸውን ፔዳሎቹ ላይ አድርገው ባዶውን ሰማይ እያዩ ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራሉ፤ አሁን መንደርደሪያው ላይ ናት፣ አሁን መሬት ለቀቀች፣ አሁን ጎማ ሰበሰበች። እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ያህል በረርን። እኔ ሁለቱን ዘንጎች በጽሑፌ ሸፍኜ እጠብቃለሁ። እውነቱን ልናገር፣ የግድግዳ ሰዓቱን ከያዝኩበት ቀን ጀምሮ የምመኘው ይህንን ነበር። የቀኙን ሳብኩት።

የግራው ፔዳል ተገፍቶ መጣ። የካፒቴን ግራ እግር ከላዩ ተንሸራቶ ወረደ።

«ሞተዋል ካፒቴን!» አልኩ በደስታ። «እንደገና!»

አልመለሱልኝም። እግራቸውን እያዩ ነው። «እን... ደና...» አሉ፤ ቃሉ ጠማማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በግራ በኩል ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ዘመም አሉ።

«ተወው ግሩም» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ ቀና ሳይሉ። «ይነሳል። ዛሬ እንኳ አርፎ ይቀመጣል ብዬ ነበር።»

እኔም እንዲያው መሰለኝ። እንደገና ወደቁብን አልኩ፤ በልጄ ቀን እንኳ። ተናደድኩ። ቀጥሎ ደግሞ ፈራሁና ውሃ ላመጣ ተነሳሁ። አንድ እግሬ ተራመደ። ምን እንዳስቆመኝ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ የእሳቸው ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። ተመልሼ ባኞው ጠርዝ ላይ፣ ሁለቱም እጆቼ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት የሳቅኩበትን ነገር፣ የምር፣ እጄ ላይ ተቀመጥኩና አየሁ።

የቀኝ እግራቸው ፔዳሉን ረግጦ ይንቀጠቀጣል። የግራው ጫማ በጎኑ ተኝቷል።

ወርጄ የግራ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «ካፒቴን፣ በቀኝ ይርገጡ» አልኩ። ረገጡ፤ ላስቲኩ ተወጠረ። «በግራ።» ምንም። «በግራ፣ ካፒቴን።» ከንፈራቸው ሊል የፈለገውን አላለም። በውሸቱ ጊዜ ሁሉ፣ ተጨፍነውም ቢሆን፣ ሰዓታቸውን የሚያዩበት ቀዳዳ አያጡም ነበር። አሁን ሰዓቱ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ አላዩትም። የሚያዩት እኔን ነው፤ በእነዚያ ዓይኖች ውስጥ ከዚያ በፊት ፍርሃት አይቼ አላውቅም።

«እትዬ» አልኩ፣ «የምር ነው።»

የምስሩ ሰፌድ ተደፋ።

ቀጥሎ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። ማንም አልጮኸም። እትዬ ወለተጻድቅ ቁልፉን ከምስማሩ አውርደው በሩን ወለል አደረጉት። ስሙን ስጠራ ፍቅሬ መጋዙን ጥሎ መጣ፤ አልተንበረከከም፤ ካፒቴንን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ አነሳቸው። ለሊሳ ከጠዋቱ ሥራ በኋላ ቁርሱን ሊበላ ቤቱ ገብቶ ነበር፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ሮጠ። ሚኒባሱ አፍንጫውን ወደ መንገድ አድርጎ ቆሟል። ገባን፣ ወጣን። ፍቅሬ ጸሎቱን የጀመረው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፤ እያለቀሰ ነበር የሚጸልየው።

18 ማዞሪያ ስንደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አራት ሳምንት የጠበቅኩት ስልክ ነው። ግን የካፒቴን ራስ ጭኔ ላይ ነው፣ አፋቸው ውስጥ ያለው ምራቅ እንዳያንቃቸው በሁለት እጄ ወደ ጎን ይዤዋለሁ። ስልኩ ጮኾ አቆመ። ደግሞ ጮኸ። «መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብሪ፤ ሬዲዮው ይቆይሻል» ይሏት ነበር ፋሲካን፤ በአጥሩ በኩል መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። አላነሳሁትም። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሳይቸኩል ከዋለ የእኔ ያ ጠዋት ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ራስ ውስጥ ያለ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ እንደነበር፣ ቶሎ ስላደረስናቸው መድኃኒቱን በጊዜ መስጠት እንደቻሉ ነገረችን። ከሰዓት በኋላ ካፒቴን ትንሽ ትንሽ መናገር ሲጀምሩ ለእሳቸውም አስረዳቻቸው።

«ችግሩ በአንጎልዎ ቀኝ በኩል ነው ያለው፣ አባቴ።»

ካፒቴን ፊታቸው ተቆጣ። «ሥራ... የፈታው... ግራ እግር ነው።»

«አዎ፣ ግን የግራውን እግር የሚያዘው የቀኙ አንጎል ነው።»

ካፒቴን የተኛውን እግራቸውን አዩ። ከዚያ አንድ ቃል አንድ ቃል እያወጡ «ይሄ... አሠራሩ... ስህተት ነው» አሉ። እትዬ ወለተጻድቅ ደንግጠው አማተቡ። እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲቀየር ነው የታወቀኝ። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ሳማቸው ኖሬ ያወቅኩት እዚያ፣ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው።

ፋሲካ ከሰፈር ሰምታ መጥታ ያገኘችኝ እንደዚያ ሆኜ ነው። ከነዩኒፎርሟ ነበረች። ፊቴን ስታይ ክፉ ነገር መስሏት ቆመች። እኔም ፊቷን አየሁ፤ ምንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። እጇን ይዤ አስገባኋት።

ካፒቴን ዓይናቸውን ገለጡ። እንደምን አለሽም አላሏት፣ አለፍሽ ወይም አላሉ።

«የ... ቱ?»

«ግራ እግሬ ነው ሥራ የፈታው» አለች፣ ቀጥ ብላ ቆማ። «የግራውን ያዝኩ።»

«ጠየቅሽው?»

«ጠየቅኩት፣ ካፒቴን። ዝም አለኝ። ከዚያ ዘጋሁት።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጨፈኑትም ዓይን እንባ ወረደ፤ በሁለቱም በኩል። ሁላችንም ሌላ ሌላ ቦታ እናይ ጀመር። ትንሽ ቆይተው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ስንት... ደቂቃ?»

እትዬ ወለተጻድቅ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የእጅ ሰዓታቸውን አወጡ። በዚያ ሁሉ ትርምስ መሐል ከሣጥኑ ላይ አንስተው መኪናው ከበሩ እስኪወጣ ይቆጥሩ ነበር፤ እንደሚጠይቋቸው ስለሚያውቁ። «ሁለት ደቂቃ ከአርባ» አሉ።

«በሩ ላይ... ዘገያችሁ» አሉ ካፒቴን።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ሐኪሟ የግራውን እግር በየቀኑ ማሠራት ያስፈልጋል ብላለች፤ ካፒቴን ደግሞ ከላዳው ፔዳል ሌላ መሣሪያ አልነካም ብለዋል። ስለዚህ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ፋሲካ በጎን ትቆማለች፤ ዘንጎቹን ሸፍና የቀኙን ትስባለች። እኔ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። «ካፒቴን፣ እግርዎ ተኝቷል! እንደገና!» ስትል ድምፅዋ አያሳዝንም፤ ከእሳቸው ነው የተማረችው። ባለፈው ማክሰኞ የግራው ፔዳል አንድ ጣት ያህል ወረደ። ፍቅሬ መጋዙን አቁሞ ከአጥሩ ወዲያ አጨበጨበ፤ ካፒቴን «ማን ጠየቀህ?» ብለው ጮኹበት፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

አርታኢዬ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ረዝሟል፣ ሩቡን ቁረጥ ብሎኛል። እምቢ አልኩት። ሁለቱንም ዘንግ መሸፈን አለበት።